በሙሙት ውስጥ ያለን ኬሚካዊ ሚዛን ለማስላት የትኛው መንገድ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ 1.0 × 10⁻⁵ ሞል ሃይድሮሳያኒክ አሲድ ቢኖር የሙሙቱ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ) ስንት ይሆናል? የአሲዱ ቋሚ፣ ማለትም አሲዱ ምን ያህል ወደ አዮኖች እንደሚከፋፈል የሚያሳየው ቁጥር፣ 6.2 × 10⁻¹⁰ ስለሆነ፣ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው አጭር ቀመር ቋሚውን በክምችቱ አባዝተን የብዜቱን ዳግም ዘር እንድንወስድ ያዘናል፤ ውጤቱም 7.9 × 10⁻⁸ ሞል በሊትር የሃይድሮጂን አዮን፣ ማለትም ፒኤች 7.10 ነው። የተለመደው የ5 በመቶ ፈተና ቢደረግለት በቀላሉ ያልፋል፤ የተከፋፈለው የአሲዱ ክፍል ከጠቅላላው 0.8 በመቶ ብቻ ነውና። ለጥንቃቄ ብለን ባለ ሁለት ድግሪ እኩልታውን ሳናሳጥር ብንፈታው ደግሞ 7.11 እናገኛለን። ሁለቱም መልሶች ግን ንጹሕ ውሃ ላይ አሲድ ሲጨመር ውሃው ቤዝ ሆነ እያሉን ነው፤ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው መልስ 6.90 ነው።

ይህን ምሳሌ ያስቀደምኩት፣ የስሌት መንገዶች የሚነጻጸሩት በክብደታቸውና በቅለታቸው ነው የሚለው ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ስለሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ ከባዱ መንገድ ከቀላሉ የተሻለ መልስ አልሰጠም፤ ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት፣ ውሃው ራሱ የሚያወጣውን የሃይድሮጂን አዮን በመርሳታቸው ነው። ስለዚህ በሚከተለው ንጽጽር እያንዳንዱን መንገድ የምመዝነው የትኛውን ግምት ያለ ማስረጃ እንደሚቀበል፣ ያ ግምት የሚፈርሰው መቼ እንደሆነና ሲፈርስ መልሱ በምን ያህል እንደሚዛባ በማየት ነው።

ከምርጫው በፊት የሚጻፉት አራት እኩልታዎች

የትኛውንም መንገድ ብንመርጥ መነሻው አንድ ነው። አሴቲክ አሲድን እንውሰድ። በሙሙቱ ውስጥ ያሉት ያልተከፋፈለው አሲድ፣ የአሴቴት አዮን፣ የሃይድሮጂን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ናቸው፤ ስለዚህ አራት ያልታወቁ መጠኖች አሉን፣ አራት እኩልታዎችም ያስፈልጉናል። የመጀመሪያው የአሲዱ የሚዛን ቋሚ ነው። ሁለተኛው የውሃው ቋሚ ሲሆን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.0 × 10⁻¹⁴ ነው። ሦስተኛው የቁስ ሚዛን ነው፤ ያልተከፋፈለው አሲድና አሴቴቱ ሲደመሩ መጀመሪያ ከጨመርነው መጠን ጋር እኩል መሆን አለባቸው። አራተኛው የሙል ሚዛን ነው፤ ሙሙቱ በጠቅላላው ምንም የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው፣ የአዎንታዊ ሙሎች ድምር ከአሉታዊ ሙሎች ድምር ጋር እኩል ይሆናል።

ጉልድበርግና ዋጌ የተባሉት ኖርዌያውያን በ1864 የሚዛንን ሕግ መሠረት ከጣሉ ወዲህ የተፈጠሩት የስሌት ዘዴዎች በሙሉ እነዚህን እኩልታዎች ለመፍታት የተቀየሱ መንገዶች ናቸው። አጭር ቀመር የሚባለው ሁሉ ከእነዚህ እኩልታዎች ውስጥ አንዱን ቃል ትንሽ ነው ብሎ በመሰረዝ የተገኘ ነው። እኩልታዎቹን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ምን እንደሰረዘ ያውቃል፤ ቀመሩን ብቻ የሸመደደ ግን አያውቅም። እኔ የምመክረው፣ ስሌቱ ምንም ያህል ቀላል ቢመስል፣ ሁለቱን ሚዛኖች ወረቀት ላይ ሳያሰፍሩ ቀመር አለመምረጥን ነው።

ለጽሑፉ እንዲመች የሃይድሮጂን አዮን ክምችትን ሀ፣ የአሲዱን ቋሚ ቀ፣ የአሲዱን ጠቅላላ ክምችት ጠ፣ የውሃውን ቋሚ ደግሞ ው ብለን እንጥራቸው።

አጭሩ ቀመር ወይስ ባለ ሁለት ድግሪ እኩልታ?

አጭሩ ቀመር ሀ የቀ × ጠ ዳግም ዘር ነው ይላል። ይህን ለማለት ሦስት ግምቶች ይወስዳል፦ ውሃው የሚያወጣው የሃይድሮጂን አዮን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ከአሲዱ የተከፋፈለው ክፍል ከጠቅላላው አንጻር ትንሽ ነው፤ አዮኖቹም እርስ በርሳቸው አይሳሳቡም። ባለ ሁለት ድግሪ እኩልታው፣ ማለትም ሀ² + ቀሀ − ቀጠ = 0፣ የሚያስወግደው ሁለተኛውን ግምት ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን እኩልታ ትክክለኛው መፍትሔ ብለው ይጠሩታል፤ ከአጭሩ ቀመር በአንድ እርምጃ ይሻላል ማለት ግን ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም።

በቁጥር እንየው። የአሴቲክ አሲድ ቋሚ 1.75 × 10⁻⁵ ነው። ክምችቱ 0.10 ሞል በሊትር ሲሆን አጭሩ ቀመር 1.323 × 10⁻³ ይሰጣል፤ ባለ ሁለት ድግሪው 1.314 × 10⁻³። በፒኤች ሲገለጹ ሁለቱም 2.88 ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታየው በሦስተኛው የአስርዮሽ ቤት ላይ ብቻ ነው። ክምችቱን አንድ ሺህ ጊዜ አቅጥነን 1.0 × 10⁻⁴ ብናደርሰው ግን አጭሩ ቀመር 4.18 × 10⁻⁵፣ ባለ ሁለት ድግሪው 3.40 × 10⁻⁵ ይላሉ፤ የመጀመሪያው በ23 በመቶ ይበልጣል፤ ፒኤቹም ከ4.47 ወደ 4.38 ይዛባል።

እዚህ ላይ የ5 በመቶው ፈተና ምን እንደሚለካ በደንብ መረዳት ይጠቅማል። የተከፋፈለው ክፍል ከጠቅላላው 5 በመቶ ከሆነ በሀ ላይ የሚመጣው ስህተት የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 2.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም በፒኤች 0.01 ያህል ነው። በጥንቃቄ የተስተካከለ የፒኤች መለኪያ እንኳ ከ0.02 ባላነሰ እርግጠኛ ያለመሆን ስለሚያነብ፣ ፈተናውን ያለፈ ስሌት በዚህ ረገድ የሚያሳስበው ነገር የለም። ፈተናው የሚያልፈው ጠ ከቀ ቢያንስ 400 እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ ይህን አስቀድሞ በአእምሮ ማየት ስለሚቻል አስልቶ ተመልሶ መፈተን አያስፈልግም።

የውሃው ግምት ግን ሌላ ፈተና አለው፤ ይህኛው በክፍል ውስጥ ብዙም ሲነገር አይሰማም። ቀ × ጠ ከው ጋር መነጻጸር አለበት። ብዜቱ ከው 20 እጥፍ፣ ማለትም ከ2 × 10⁻¹³ ከበለጠ ውሃውን መርሳት የሚያመጣው ስህተት ከ2.5 በመቶ አያልፍም። በመግቢያው ላይ ያነሳነው ሃይድሮሳያኒክ አሲድ ብዜቱ 6.2 × 10⁻¹⁵ ነው፤ ጭራሽ ከው ራሱ ያንሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሻለው ባለ ሁለት ድግሪውን መፍታት ሳይሆን ከዳግም ዘሩ በታች ውን መደመር ነው፦ ሀ የ(ቀጠ + ው) ዳግም ዘር ይሆናል። 6.2 × 10⁻¹⁵ እና 1.0 × 10⁻¹⁴ ሲደመሩ 1.62 × 10⁻¹⁴ ይመጣል፤ ዳግም ዘሩ 1.27 × 10⁻⁷፣ ፒኤቹ 6.90። አንድ መደመር ብቻ ነው የተጨመረው። ጠንካራ አሲዶችም በጣም ሲቀጥኑ ከዚህ አያመልጡም፤ 1.0 × 10⁻⁸ ሞል በሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 8 ሳይሆን 6.98 ነው።

ከሁለቱ ማን ይመረጥ ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ሁለቱን ንጽጽሮች፣ ማለትም ጠ ከቀ ጋርና ቀጠ ከው ጋር፣ አስቀድሞ ማየት። ሁለቱም ካለፉ አጭሩ ቀመር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ብቻ ከወደቀ ባለ ሁለት ድግሪው፤ ሁለተኛው ብቻ ከወደቀ ው የተደመረበት ዳግም ዘር፤ ሁለቱም ከወደቁ ወደ ሙሉው ዘዴ መሄድ ነው። ባለ ሁለት ድግሪውን ከመፍታት ይልቅ በመደጋገም መቅረብም ይቻላል። ከላይ በቀጠነው አሴቲክ አሲድ ላይ የመጀመሪያውን 4.18 × 10⁻⁵ ከጠ ቀንሰን ዳግም ዘሩን እንደገና ብንወስድ 3.19 × 10⁻⁵፣ ቀጥሎ 3.45፣ ቀጥሎ 3.39፣ ቀጥሎ 3.40 እያለ ከላይና ከታች እየተፈራረቀ ይረጋጋል። ይህ መንገድ በካልኩሌተር ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን ጠ ከቀ በታች እየወረደ ሲሄድ መልሶቹ በመቀራረብ ፈንታ መራራቅ ስለሚጀምሩ፣ ለቀጭን ሙሙትና ለመካከለኛ አሲድ አይመከርም።

የበፈር ቀመር

በፈር ደካማ አሲድንና የእሱን ቤዝ አብሮ የያዘ፣ ፒኤቹ በቀላሉ የማይለወጥ ሙሙት ነው። ሄንደርሰን በ1908 ያቀረበውና ሃሰልባልክ በሎጋሪዝም መልክ የጻፈው ቀመር፣ ፒኤች ከፒኬኤ (የአሲዱ ቋሚ አሉታዊ ሎጋሪዝም) እና ከቤዙና ከአሲዱ ጥምርታ ሎጋሪዝም ድምር ጋር እኩል ነው ይላል። ቀመሩ ራሱ የሚዛን ቋሚው ሌላ አጻጻፍ ስለሆነ በራሱ ስህተት የለበትም፤ ስህተቱ የሚመጣው በጥምርታው ውስጥ የምናስገባቸው ክምችቶች ስንቀላቅል የለካናቸው ናቸው ብለን ስናስብ ነው። አሴቲክ አሲድና ሶዲየም አሴቴት እያንዳንዳቸው 0.10 ሲሆኑ ከአሲዱ የሚከፋፈለው በጣም ትንሽ ስለሆነ ግምቱ ይቆማል። እያንዳንዳቸው 1.0 × 10⁻⁴ ሲሆኑ ግን ቀመሩ አሁንም 4.76 እያለ፣ የቁስና የሙል ሚዛኑ 4.87 ይላል። በተግባር፣ ሁለቱም ክምችቶች ከሀም ከሃይድሮክሳይድ አዮኑም ቢያንስ 20 እጥፍ ካልበለጡ ቀመሩን መተው ይሻላል።

ይህ ቀመር ሌላም፣ ከዚህ የከበደ ጉድለት አለው፤ ስለ አዮን ጥንካሬ፣ ማለትም በሙሙቱ ውስጥ ስላሉት አዮኖች ብዛትና ሙል መለኪያ፣ ስናነሳ እንመለስበታለን።

ግራፉ ዛሬም ይጠቅማል ወይ?

ኮምፒውተር ከመስፋፋቱ በፊት ስዊድናዊው ላርስ ጉናር ሲሌን ያስፋፋው ዘዴ የእያንዳንዱን ውሁድ ክምችት ሎጋሪዝም በፒኤች ላይ የሚያሳይ ግራፍ መሳል ነበር። ለአንድ አሲድ አራት መስመሮች ብቻ ይበቃሉ፤ የሃይድሮጂን አዮኑ መስመር ወደ ታች፣ የሃይድሮክሳይዱ ወደ ላይ በ45 ዲግሪ ይሄዳሉ፤ ያልተከፋፈለው አሲድ ከፒኬኤ በፊት አግድም ሄዶ ከዚያ በኋላ ይወርዳል፤ አሴቴቱ ደግሞ በተቃራኒው ወጥቶ ይተኛል። 0.10 ሞል በሊትር አሴቲክ አሲድ ከሆነ የሃይድሮጂን አዮኑና የአሴቴቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ 2.88 ላይ ነው። በዚያው ግራፍ ላይ ምንም ሳይቀየር የሃይድሮክሳይዱና ያልተከፋፈለው አሲድ መስመሮች የሚቋረጡበትን ቦታ ብናነብ 8.88 እናገኛለን፤ ይህ የ0.10 ሶዲየም አሴቴት ፒኤች ነው። አንድ ሥዕል ሁለት ጥያቄ መለሰ።

በትክክለኛነት ግራፉ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፤ ከ0.05 የተሻለ ማንበብ ይከብዳል። የእሱ ጥቅም ሌላ ነው፤ በአንድ ፒኤች ላይ የትኛው ቃል ከሌላው በ100 ወይም በ1000 እጥፍ እንደሚያንስ ስለሚያሳይ፣ የትኛውን መሰረዝ እንደሚቻል በዓይን ይነግራል። አስተማሪ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ሙሉው ዘዴ በሰንጠረዥ ፕሮግራም

ከሁሉም መንገዶች አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብገደድ የምይዘው ይህን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በሙል ሚዛኑ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቃል በሀ ብቻ እንገልጻለን። ለአንድ አሲድ እኩልታው ሀ − ው/ሀ − ቀጠ/(ቀ + ሀ) = 0 ይሆናል። ከዚያ ፒኤችን እየገመትን የግራውን ጎን እናሰላለን፤ ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ ግምታችን ከትክክለኛው በላይ አሲዳማ ነው፤ አሉታዊ ከሆነ ተቃራኒው ነው።

ሃይድሮሳያኒክ አሲዱን በዚህ እንፈትነው። ፒኤች 7.0 ላይ የሃይድሮጂንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖቹ እኩል ስለሆኑ ይሰራረዛሉ፤ የሳያናይዱ 6.2 × 10⁻⁸ ብቻ ስለሚቀር ውጤቱ አሉታዊ ነው። ስለዚህ ከ7 በታች መፈለግ አለብን። 6.8 ላይ 15.8 ሲቀነስ 6.3 ሲቀነስ 3.9፣ ሁሉም በ10⁻⁸፣ አዎንታዊ 5.6 ይሰጣል። 6.9 ላይ 12.6 ሲቀነስ 7.9 ሲቀነስ 4.9 አሉታዊ 0.2 ገደማ ነው። በሦስት ሙከራ መልሱ ከ6.9 እጅግ በትንሹ ዝቅ እንደሚል አወቅን። ከ0 እስከ 14 ያለውን ክልል በየጊዜው በግማሽ እየከፈልን ብንሄድ 14 ሙከራዎች ከ0.001 ባነሰ ስፋት ውስጥ ያስገቡናል፤ ዘዴውም መልሱን ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ የለም።

የዚህ መንገድ ትልቁ ብልጫ ሙሙቱ ሲወሳሰብ ቀመሩ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ሦስት ፒኬኤዎች፣ 2.15፣ 7.20 እና 12.35 አሉት፤ በላዩ ላይ አሴቴትና አሞኒያ ቢጨመሩበት በእጅ የሚፈታው እኩልታ ባለ ሰባት ድግሪ ይሆናል። በሰንጠረዡ ላይ ግን እያንዳንዱ አሲድ የራሱ አምድ ይኖረዋል፤ የሙል ሚዛኑም የአምዶቹ ድምር ብቻ ነው። ያልታወቀው መጠን አሁንም አንድ፣ ፒኤች ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ እኔን ራሴን ብዙ ሰዓት ያስጠፋኝ ነገር ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። በኤክሴል ውስጥ ጎል ሲክ የተባለውን መሣሪያ ተጠቅመን የሙል ሚዛኑ ዜሮ እንዲሆን ብንጠይቀው፣ የመጀመሪያውን ግምታችንን ሳይነካ መልስ አገኘሁ ብሎ ይመልስልናል። ምክንያቱ መሣሪያው ካልተስተካከለ በስተቀር 0.001 ያህል ልዩነትን እንደ ዜሮ ስለሚቆጥር ነው፤ የእኛ ቁጥሮች ደግሞ ገና ሲጀመሩ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሱ ናቸው። መፍትሔው የሙል ሚዛኑን በጣም ትልቅ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ10¹²፣ ማባዛት ወይም የአዎንታዊና የአሉታዊ ሙሎች ድምር ጥምርታን ሎጋሪዝም ዜሮ እንዲያደርግ መጠየቅ ነው። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የክምችቱ መጠን ምንም ቢሆን ይሠራልና። የሚፈለገውም መጠን ሀ ሳይሆን ፒኤች ይሁን፤ ሀን ስንፈልግ መሣሪያው አሉታዊ ክምችት ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ይችላል።

ጨው ሲሟሟ፦ ቀላሉ ስሌት በጣም የሚያሳስትበት ቦታ

በአሲድና በቤዝ ስሌት ላይ የተሳሳተ መንገድ መምረጥ ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው የፒኤች አሥረኛ ክፍሎችን ነው። በሚሟሙ ጨዎች ላይ ግን ስህተቱ በእጥፍ፣ አንዳንዴም በሺህ እጥፍ ይቆጠራል።

ሲልቨር ክሎራይድን እንይ። የሟሚነት ብዜት ቋሚው፣ ማለትም ጨው እስኪበቃው በሟሟበት ሙሙት ውስጥ የሁለቱ አዮኖች ክምችት ብዜት፣ 1.8 × 10⁻¹⁰ ስለሆነ በንጹሕ ውሃ 1.3 × 10⁻⁵ ሞል በሊትር ይሟሟል። 0.10 ሞል በሊትር ሶዲየም ክሎራይድ ባለበት ሙሙት ውስጥ ግን የጋራ አዮን ሕግን (ከጨው አዮኖች አንዱ አስቀድሞ በሙሙቱ ካለ ጨው ያነሰ ይሟሟል የሚለውን) ብቻ የተከተለ ስሌት 1.8 × 10⁻⁹ ይላል። ይህ ቁጥር በየፈተናው ትክክል ተብሎ ይታረማል፤ በተግባር ግን ከእውነታው እጅግ የራቀ ነው፤ የብር አዮን ከሁለት ክሎራይዶች ጋር ተጣምሮ ኮምፕሌክስ የሚባል አንድ የሚሟሟ አዮን ይሠራልና። የኮምፕሌክሱ ቋሚ ወደ 10⁵ ስለሚጠጋ፣ በዚህ ሙሙት ውስጥ ያለው ኮምፕሌክስ ብቻውን 2 × 10⁻⁶ ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ጠቅላላው የሚሟሟው ብር ቀላሉ ስሌት ከሚለው ከ1000 እጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ ምንም ያህል የተራቀቀ የሒሳብ መፍቻ ቢኖረን አይረዳንም፤ ያጎደልነው ራሱን ውሁዱን ነውና።

ካልሲየም ካርቦኔትም እንዲሁ ነው። የሟሚነት ብዜቱን 3.3 × 10⁻⁹ ወስደን ዳግም ዘሩን ብናሰላ 5.7 × 10⁻⁵ እናገኛለን። ካርቦኔት ግን ቤዝ ስለሆነ ከውሃው ሃይድሮጂን አዮን ወስዶ ባይካርቦኔት ይሆናል፤ ስለዚህም ተጨማሪ ጨው ይሟሟል። ሁለቱን የካርቦኒክ አሲድ ፒኬኤዎች፣ 6.35 እና 10.33፣ ከሙል ሚዛኑ ጋር ስናስገባ ከአየር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ 1.1 × 10⁻⁴ ሞል በሊትር እንደሚሟሟና ፒኤቹ 9.9 እንደሚሆን እናያለን፤ ቀላሉ ስሌት ግማሹን ብቻ ነበር የሰጠን። ዕቃው ክፍት ሆኖ በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲመጣጠን ደግሞ ፒኤቹ ወደ 8.2 ይወርዳል፤ የሚሟሟውም 5 × 10⁻⁴ ገደማ ይደርሳል። ተመሳሳይ ጨው፣ ተመሳሳይ ቋሚ፣ ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት። በጨው ስሌት ላይ የሟሚነት ብዜቱን ብቻ መጠቀም የሚፈቀደው አሉታዊው አዮን የጠንካራ አሲድ ቅሪት ሲሆንና ኮምፕሌክስ የሚሠራ ነገር በሙሙቱ ውስጥ በሌለ ጊዜ ብቻ ነው።

ሁሉም የሚረሳው፦ የአዮን ጥንካሬ

አሁን ወደ ሦስተኛው ግምት እንመለስ። አዮኖች በሙሙት ውስጥ እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ፣ የሚዛን ቋሚው ውስጥ የሚገባው ክምችቱ ሳይሆን አክቲቪቲው፣ ማለትም በአክቲቪቲ ማባዣ የተባዛው ክምችት ነው። ዲባይና ሁከል ይህን በ1923 በቀመር አስቀመጡት። ለማስላት ከቀረቡት ቀመሮች ውስጥ የመጀመሪያው የዲባይና የሁከል ቀመር የሚሠራው የአዮን ጥንካሬው ከ0.01 በታች ሲሆን ነው፤ የአዮኖቹን መጠን ያስገባው የተራዘመው ቅርጽ እስከ 0.1፣ የዴቪስ ቀመር እስከ 0.5 ገደማ ያገለግላሉ። ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ለምሳሌ ለወፍራም ብራይን (ጨው ለበዛበት ውሃ)፣ የፒትዘር እኩልታዎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ ግን ለእያንዳንዱ ጥንድ አዮን የተለኩ ቁጥሮችን ስለሚጠይቁ በእጅ የሚሞከሩ አይደሉም። ለዕለት ተዕለት ሥራ ዴቪስን እመርጣለሁ፤ ከአዮኑ ሙልና ከአዮን ጥንካሬው በቀር ሌላ ቁጥር አይጠይቅም።

የአዮን ጥንካሬው 0.1 ሲሆን ዴቪስ ለነጠላ ሙል አዮን 0.78፣ ለሁለት ሙል አዮን 0.37፣ ለሦስት ሙል አዮን 0.11 ይሰጣል። ባሪየም ሰልፌት በንጹሕ ውሃ 1.05 × 10⁻⁵ ሞል በሊትር ከሟሟ፣ የአዮን ጥንካሬው በሌላ ጨው ምክንያት 0.1 በሆነ ሙሙት ውስጥ ይህ በ0.37 ተካፍሎ ወደ 2.8 × 10⁻⁵ ከፍ ይላል፤ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ማለት ነው።

ቀደም ሲል ያቆየነው የበፈሩ ጉድለትም ይህ ነው። አሴቲክ አሲድና ሶዲየም አሴቴት እያንዳንዳቸው 0.10 ሲሆኑ የሄንደርሰንና ሃሰልባልክ ቀመር 4.76 ይላል። የአሴቴቱን ማባዣ 0.78 ስናስገባ ግን 0.11 ተቀንሶ 4.65 ይሆናል፤ በመለኪያ የሚነበበውም ይኸው 4.65 ነው። ብቻውን የሚሟሟው አሴቲክ አሲድ ላይ ግን እርማቱ በፒኤች ደረጃ ምንም አይታይም፤ የአሴቴቱ አክቲቪቲ ሲቀንስ የሃይድሮጂን አዮኑም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ይካካሳሉ። እንግዲህ ተማሪው ለ0.003 ፒኤች ብሎ ባለ ሁለት ድግሪ እኩልታ ሲፈታ ቆይቶ በበፈሩ ላይ 0.11 ሳያውቀው ሲያልፍ፣ ድካሙ የዋለው ባልተገባው ቦታ ነው። የአዮን ጥንካሬው ከ0.01 ከበለጠ፣ ይልቁንም ከአንድ በላይ ሙል ያላቸው አዮኖች ካሉ፣ የሒሳቡን አፈታት ከማጥበቅ በፊት ይህን ማስገባት ይቀድማል።

ሙቀትም በዚሁ መንፈስ መታየት አለበት። ው በ25 ዲግሪ 10⁻¹⁴ ሆኖ በ60 ዲግሪ ወደ 10⁻¹³ ስለሚጠጋ፣ በዚያ ሙቀት ገለልተኛ ውሃ ፒኤቹ 6.5 ነው።

ፕሮግራሞቹ

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በነፃ የሚያሰራጨው ፍሪክሲ እና ቪዥዋል ሚንቴክ የመሳሰሉ ፕሮግራሞች እስካሁን የተነሳውን ሁሉ፣ የቁስና የሙል ሚዛኑን፣ ኮምፕሌክሶቹን፣ ዝቃጮቹን፣ ጋዞቹንና የአክቲቪቲ እርማቱን በአንድ ላይ ይፈታሉ። በብዙ ብረታ ብረቶችና በብዙ ኮምፕሌክሶች የተሞላ የተፈጥሮ ውሃን ለማስላት ሌላ ምክንያታዊ ምርጫ የለም። ከሰንጠረዡ የሚለዩት በሒሳባቸው ሳይሆን በያዙት የቋሚዎች ማኅደር ነው፤ ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም ያው ማኅደሩ ነው። ማኅደሩ ውስጥ የሌለን ውሁድ ፕሮግራሙ የለም ብሎ ያልፈዋል፤ ጎደለኝ ብሎ አያስጠነቅቅም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በስተቀር ዝቃጭ እንዲፈጠር ስለማያደርጉ፣ ከሚቻለው በላይ የተሞላን ሙሙት እንደተረጋጋ አድርገው ያትማሉ። ከመጽሐፍ ወስደን የምንጨምረው ቋሚ በየትኛው የአዮን ጥንካሬ የተለካ እንደሆነ ካላረጋገጥን ደግሞ እርማቱ ሁለት ጊዜ ይደረጋል።

ስለዚህ አንድን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው መልሳቸውን አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ሦስት ሙሙቶች ይስጠው። የመጀመሪያው 0.10 አሴቲክ አሲድ ነው፤ 2.88 ካላለ የአሲዱ ቋሚ ተሳስቷል። ሁለተኛው የ0.10 እና የ0.10 አሴቴት በፈር ነው፤ 4.65 ሳይሆን 4.76 ካለ የአክቲቪቲ እርማቱ አልበራም። ሦስተኛው በ0.10 ሶዲየም ክሎራይድ ውስጥ ያለው ሲልቨር ክሎራይድ ነው፤ የሟሟው ጠቅላላ ብር በ10⁻⁶ ፈንታ በ10⁻⁹ ከታተመ ኮምፕሌክሶቹ በማኅደሩ ውስጥ የሉም፤ ሌላውን ሙሙት ከመስጠታችን በፊት እነሱን ማስገባት ይኖርብናል።